የትኛው በቀቀን ለየትኛው ቤት? ባጂ፣ ኮካቲየል፣ ላቭበርድ እና ግራጫው በቀቀን

«የሚያወራውን ነው የምፈልገው።»

በቀቀን ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ወሬ የሚጀምረው በዚህ ነው። በቀደም አንዲት ጎረቤቴ መጣች። ልጇ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለልደቱ ወፍ ቃል ገብታለታለች። «እስቲ ንገሪኝ እህቴ፣ ቶሎ አፉን የሚፈታው የትኛው ነው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ጥያቄዋን ትቼ ሌላ ጠየቅኋት። «ቤታችሁ ሰው የማይኖረው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

ግራ ገባት። እኔ ግን ሐዋሳ ውስጥ ከእነዚህ ወፎች ጋር መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ጊዜ ያየሁት የወፍም የባለቤትም ጭንቀት በአብዛኛው የሚመጣው ይህን ሳይጠይቁ ከመግዛት ነው። በቀቀን የመንጋ ወፍ ነው። በዱር ሲበላም፣ ሲያርፍም፣ ሲበርም አጠገቡ ሌላ አለ። ብቻውን የቀረ ወፍ የጭልፊት ሲሳይ ነው። ቤታችሁ ሲገባ መንጋው እናንተ ትሆናላችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት በሩን ዘግታችሁ ስትወጡ፣ እሱ የሚያውቀው መንጋው ጥሎት መሄዱን ብቻ ነው።

ስለዚህ እዚህ ወፎቹን የማወዳድረው በወሬ ችሎታቸው ብቻ አይደለም። ብቸኝነትን እንዴት ይችሉታል? ጩኸታቸው ለጎረቤት ይሆናል ወይ? ስንት ዓመት ይኖራሉ? ሲቆጡ ምን ያደርጋሉ? ለቤታችሁ የሚሆነውን የሚለዩት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው።

መጀመሪያ ስማቸውን እንለይ

እኔ የመጀመሪያዋን ወፌን የገዛሁት «ላቭበርድ ናት» ተብዬ ነው። ቤት ወስጄ ሳነብ ባጂ ሆና ተገኘች። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፤ የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። ባጂ ቀጭን ነው፤ ጅራቱ ረጅም፣ ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ጀርባውና ክንፉ በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረ። ላቭበርድ ደግሞ ድንቡሽ ያለ ነው፤ ጅራቱ አጭር፣ ምንቃሩ ለሰውነቱ ትልቅ። ባጂ የአውስትራሊያ ወፍ ነው፣ ኮካቲየልም እንዲሁ። ላቭበርድ ግን የአፍሪካ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዝርያ አለው፤ አንዱ የኛው የራሳችን ነው፤ በኋላ እመጣበታለሁ።

ባጂ

ለጀማሪ፣ ለኮንዶሚኒየም፣ ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት መጀመሪያ የምጠራው ስም ይህ ነው። ድምፁ ቀኑን ሙሉ የሚንጫጫ ቢሆንም ግድግዳ አልፎ ጎረቤት አይረብሽም። ቢነክስም ያማል እንጂ አይጎዳም። ከ5 እስከ 10 ዓመት ይኖራል፤ በደንብ የተያዘ ከዚያም ያልፋል።

«ታዲያ ይናገራል?» ትሉኝ ይሆናል። ይናገራል፤ ያውም ብዙ። በጊነስ መዝገብ የወፍ ሁሉ የቃላት ሪከርድ የተያዘው በአንድ ባጂ ነው። ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ፣ ፐክ የሚባል፣ 1,728 ቃል የተቆጠረለት፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ግን ባጂ ሲያወራ ድምፁ ቀጭንና ፈጣን ነው። ጆሮ ካልሰጣችሁት ጫጫታ ይመስላችኋል። በአብዛኛው የሚናገረውም ወንዱ ነው። ወንዱን የምትለዩት ከምንቃሩ በላይ አፍንጫው ባለበት ሥጋ ነው፤ የጎለመሰ ወንድ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሴቷ ወደ ቡናማ ትሄዳለች። ነጭና ቢጫ በሆኑት ላይ ግን ይህ ምልክት ሊያሳስት ይችላል። ዕድሜውን ደግሞ ግንባሩን አይታችሁ ገምቱ። ጥቁሩ መስመር እስከ ምንቃሩ ድረስ ከወረደ ገና ጫጩት ነው፤ ግንባሩ ከጠራ ከሦስት ከአራት ወር አልፎታል።

አንድ ወይስ ሁለት? ቀን ሰው የማይኖርበት ቤት ከሆነ ያለጥርጥር ሁለት። አዎ፣ ሁለት ከሆኑ ከእናንተ ይልቅ እርስ በርሳቸው ያወራሉ፤ አማርኛ የመልመድ ዕድላቸውም ይቀንሳል። እኔ ግን የማይናገሩ ሁለት ደስተኛ ወፎችን ከአንድ ተናጋሪ ብቸኛ እመርጣለሁ። መስታወት ኬጅ ውስጥ ሰቅሎ «ጓደኛ አለው» ማለትም አይሆንም። ወፉ የራሱን ምስል ጓደኛ አድርጎ ይይዝና ከጉሮሮው እያወጣ ሊያጎርሰው ይሞክራል፤ የማይበላ ጓደኛ ፊት ሲለፋ ይውላል።

ኮካቲየል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፤ የእኔ ወፍ ስለሆነ። ሎሚ ይባላል፤ ፊቱ ቢጫ ነው፣ ጉንጩ ላይ ብርቱካን ቀለም ያለው ክብ አለ። ዘንድሮ ስምንት ዓመቱ ነው። ኮካቲየል ከ15 እስከ 20 ዓመት ስለሚኖር ገና ጎልማሳ ነው ማለት ነው።

ኮካቲየልን ከሌሎቹ የሚለየው አናቱ ላይ ያለው ጉትዬ ነው። በቀቀን ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም፤ ስሜቱን አናቱ ላይ ተሸክሞ ይዞራልና። ጉትዬው ቀጥ ብሎ ከቆመ አንድ ነገር አስደንግጦታል ወይም ትኩረቱን ስቦታል። ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ካለ ሰላም ነው። አናቱ ላይ ከተለጠፈና እንደ እባብ ሲጥ ካለ እጃችሁን መልሱ፤ አስጠንቅቋችኋል። ልጆች ይህን በሁለት ቀን ይለምዱታል። ባጂና ላቭበርድ ጉትዬ ስለሌላቸው ይህን ሁሉ ከዓይናቸውና ከአቋቋማቸው ማንበብ ግድ ይላል።

ከወሬ ይልቅ ፉጨት ይወዳል፤ ያውም ወንዱ። ሎሚ የጎረቤታችንን የበር ደወል አሳምሮ ያፏጫል። ስሙንም ይጠራል። ሴቷ ኮካቲየል ግን ዝምተኛ ናት፤ ድምፅ ፈልጋችሁ ሴት ከገዛችሁ ታዝናላችሁ፣ ጸጥታ ከፈለጋችሁ ደግሞ እሷን ምረጡ።

ሁለት ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። አንደኛ፣ ላባው ነጭ ዱቄት ያራግፋል። ጥቁር ሶፋ ላይ ጠዋት ጠርጋችሁት ማታ ታዩታላችሁ። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ኮካቲየል አይሁን። ግራጫውም በቀቀን እንዲሁ ዱቄታም ነው። ባጂና ላቭበርድ በዚህ በኩል ይሻላሉ። ሁለተኛ፣ ኮካቲየል ሌሊት ይበረግጋል። ድንገት ድርግም ያለ ጨለማ ውስጥ ኮሽ ሲል ተነስቶ ከኬጁ ሽቦ ጋር ይላተማል፤ ክንፉን ይሰብራል፣ ላባው ይደማል። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ከዚያ ወዲህ ባትሪዋ የምትሞላ ትንሽ መብራት አጠገቡ አኖራለሁ። አልተደገመም።

ላቭበርድ

ስሙ ፍቅር ፍቅር ይላል፤ ጠባዩ ግን ቆፍጣና ነው። ኬጁ ግዛቱ ነው። እጃችሁን ስትሰዱ በተለይ ሴቷ አትራራም፤ ንክሻዋም ከባጂ ይልቃል። ድምፁ ቀጭንና ሹል ነው፣ ጆሮ ይወጋል። ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል።

ከባጂ ወይም ከኮካቲየል ጋር በአንድ ኬጅ አታስገቡት። ይህን አጥብቄ የምናገረው የባጂ የእግር ጣት ተቆርጦ ስላየሁ ነው። «ሁለት ካልሆኑ በናፍቆት ይሞታሉ» የሚባለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ሁለቱ ከተጣመሩ እናንተን ረስተው እርስ በርሳቸው ይኖራሉ። አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ እናንተን ይይዛል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ።

የሚወደድለትም አለ። ፊቱ ቀይ የሆነው ዝርያ ሴቷ ወረቀት በምንቃሯ በቀጭኑ ትቀድና ጎጆ ልትሠራ ከጅራቷ በላይ ባለው ላባ ውስጥ ሰክታ ትወስዳለች። ይህን የሚያይ ልጅ ከቴሌቪዥን ፊት ይነሳል። የልጃችሁን ደብተር ብቻ ከአጠገቧ አርቁ።

የኛዎቹ ዛፍ ላይ ይቅሩ

ጠዋት በፍቅር ሐይቅ መንገድ ስትሄዱ ከሾላው ዛፍ ቀጭን ጫጫታ ከሰማችሁ ቀና በሉ። አረንጓዴ፣ ድንቡሽ ያሉ፣ ቅጠል የሚመስሉ ወፎች ፍሬ ሲለቅሙ ልታዩ ትችላላችሁ። ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ሙሉ አረንጓዴ ናት። ይህ ጥቁር ክንፍ ያለው ላቭበርድ ነው። በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ወንዶ ገነት ደን ድረስ ከሄዳችሁ ደግሞ ፊቱ ቢጫ የሆነ ትልቅ አረንጓዴ በቀቀን አለ፤ እሱ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም።

አንዳንድ ጊዜ ልጆች ከዛፍ ያወረዷቸውን ጫጩቶች ለመሸጥ ሲያዞሩ ይታያል። እባካችሁ አትግዙ። አንዱን ገዝታችሁ ካዳናችሁ ሌላ አራት እንዲወርድ ዋጋ ከፍላችኋል። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉን ብንተወው እንኳ ከዱር የተያዘ በቀቀን የሰውን እጅ እንደ ጭልፊት ጥፍር ነው የሚያየው። ብዙዎቹ በፍርሃት ምግብ ትተው ይሞታሉ። ከኬጅ ውስጥ የተፈለፈለ ባጂ እያለ ይህን ማድረግ ምን ያስፈልጋል?

ግራጫው በቀቀን

ሰው ሁሉ የሚያልመው ይህን ነው። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ደን ወፍ ነው፤ ከ400 እስከ 500 ግራም ይመዝናል፣ ጅራቱ ቀይ ነው። የሰውን ድምፅ ሲመስል እናንተው ትደናገራላችሁ። ጉዳዩ መምሰል ብቻም አይደለም። አይሪን ፔፐርበርግ የምትባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1977 ከቤት እንስሳት መሸጫ አንድ ግራጫ በቀቀን ገዛች። አሌክስ አለችው። እ.ኤ.አ. በ2007 በ31 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ከመቶ በላይ ቃላት አወቀ፤ እስከ ስድስት ቆጠረ፤ ቀለምና ቅርጽ ለየ፤ ሁለት ነገሮች «አንድ ዓይነት» ወይም «የተለያዩ» መሆናቸውን መለሰ። እኛ አገር ትምህርቱን ሳይገባው የሚሸመድድን ተማሪ «እንደ በቀቀን ይደግማል» እንላለን። ይህን ካነበብኩ በኋላ አባባሉን ለመጠቀም አንደበቴ እምቢ ይለኛል።

ሰው የሚረሳው ሌላውን ነው። አሌክስ ዘንድ በየቀኑ ለረጅም ሰዓት አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን የሚያህል አእምሮ ሳሎን ጥግ ላይ አሥር ሰዓት ብቻውን ሲዘጋበት ምን ይሆናል? አዲስ አበባ አንድ ዘመዴ ቤት አይቼዋለሁ። ወፏ በዕድሜ ከልጆቹ ትበልጣለች። አብራት ትውል የነበረችው ልጅ አግብታ ወጣች። በጥቂት ወራት ውስጥ ደረቷ ላይ አንድ ላባ አልቀረም፤ ራሷ ነቅላ ጨረሰችው። ጭንቅላቷ ብቻ ደህና ነበር፤ ምንቃሯ ስለማይደርስ። በር በተከፈተ ቁጥር በልጅቷ ድምፅ «መጣሁ!» ትላለች። እዚያ ቤት ሁለተኛ ልሄድ አልቻልኩም።

ዕድሜው ከ40 እስከ 60 ዓመት ነው። ሠላሳ ዓመት ሆኗችሁ ከገዛችሁት በኑዛዜያችሁ ውስጥ መግባት ያለበት ወፍ ነው። በዚያ ላይ ከደን ተይዞ በመሸጡ ቁጥሩ እጅግ ስለተመናመነ ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2016 ከፍተኛ ጥበቃ ካላቸው ተርታ አስገብቶታል። ከደን የተያዘውን ከአገር አገር መነገድ አይቻልም። የት እንደተፈለፈለ የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ግራጫ ሲቀርብላችሁ ከየት እንደመጣ ገምቱ። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ቀን ሙሉ ቤት የሚውል፣ ልምድ ያለው፣ ከእሱ በኋላም ወፉን የሚረከብ ሰው ያዘጋጀ ካልሆነ በቀር ግራጫ አይግዛ።

ባለ ቀለበት አንገቱ አረንጓዴ በቀቀንም አንዳንዴ ይገኛል። ጎበዝ ተናጋሪ ነው፤ ከ25 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ጩኸቱ ግን ሩቅ ይሰማል፤ ግቢ ለሌለው ሰው አልመክርም።

ጠባያቸውን በምን ታነባላችሁ?

ማንኛውንም ብትመርጡ የሚከተሉት ያገለግሏችኋል። ሰው በቀቀኑን የሚጠላው ወይም ለሌላ የሚሰጠው በአብዛኛው እነዚህን በተሳሳተ መንገድ ተረድቶ ነው።

ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ይጮሃሉ። ይህ ጥሪ ነው፤ መንጋው «ሁላችን አለን?» የሚባባልበት ሰዓት ነው። ሮጣችሁ ሄዳችሁ ብትቆጡት ጩኸቱ ሰው እንደሚያመጣ ይማራል፤ ነገ ያብሳል። እኔ ከሌላ ክፍል ሆኜ በፉጨት እመልስለታለሁ። መልስ ካገኘ ይረጋጋል። ጮክ ብሎ ሲጠራ ዝም እላለሁ፣ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እገባለሁ።

ንክሻም ድንገት አይመጣም። አስቀድሞ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ላባው ይጣበቃል ወይም ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። በትልልቆቹ ላይ የዓይናቸው ብሌን ሲጠብ ሲሰፋ፣ ሲጠብ ሲሰፋ ታያላችሁ። ይህ የደስታም የቁጣም ሊሆን ይችላል፤ ጅራቱ አብሮ ከተዘረጋ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ከነከሰ አትጩሁ፣ አትምቱት፣ አታራግፉት። ጩኸታችሁ ለእሱ ጨዋታ ነው። በእርጋታ አስቀምጡትና ለጥቂት ደቂቃ ፊት ንሱት።

ማታ ምንቃሩን ሲያፋጭ ክርር የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ተቆጥቶ አይደለም፤ እንቅልፍ መጥቶበት ልቡ ረግቶ ነው። የበላውን እያወጣ እጃችሁ ላይ ቢተፋ ደግሞ ምናልባት አልታመመም። እናንተን እየመገበ ነው፤ የትዳር ጓደኛ አድርጓችኋል። እዚህ ላይ ጀርባውን የመዳበስ ልማድ ካለባችሁ አቁሙ። ራሱንና አንገቱን ብቻ እከኩለት። ጀርባ መዳበስ ለበቀቀን የጥንዶች ነገር ነው፤ ያነሳሳዋል፣ ከዚያም ይናከሳል፣ ሴቷም እንቁላል መጣል ትጀምራለች።

ቀን በቀን ላባውን ነፍቶ ኬጁ ወለል ላይ የሚቀመጥ ወፍ ግን በሽተኛ ነው። ሲተነፍስ ጅራቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነም እንዲሁ። በቀቀን ሕመሙን ይደብቃል፤ በዱር የታመመ መምሰል መበላት ነው። እናንተ ስታውቁ ብዙ ጊዜ ቆይቷል ማለት ነው። «ነገ አየዋለሁ» አይባልም።

እንቅልፍም ከጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጨለማና ጸጥታ ይፈልጋሉ። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ቀንና ሌሊታችን ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ነው፤ ለወፍ ተስማሚ ነው። የሚያበላሸው የእኛ ሳሎን ነው። እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ቴሌቪዥን በሚጮህበት ክፍል የሚያድር ወፍ ጠዋት ነጭናጫ ቢሆን አይፈረድበትም። እኔ ምሽት 1 ሰዓት ላይ በስስ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፤ ጠዋት 1 ሰዓት እገልጠዋለሁ።

የኛ ቤትና የእነሱ ሳንባ

ይህን ክፍል እየከበደኝ ነው የምጽፈው። ያቺ ላቭበርድ ተብላ የተሸጠችልኝ ባጂ የሞተችው በእኔው ወጥ ቤት ነው። የማይጣበቀውን መጥበሻ እሳት ላይ ረስቼ ስልክ አነሳሁ። ለእኔ የሸተተኝ ነገር የለም። ስመለስ ኬጁ ወለል ላይ ነበረች። ያ ቅብ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። የትኛውንም በቀቀን ብትመርጡ ይህ አይለወጥም። ወፍ ወጥ ቤት አይቀመጥም።

ምክንያቱ የአተነፋፈሳቸው ነገር ነው። ከሳንባቸው ሌላ የአየር ከረጢቶች አሏቸው፤ አየሩ በሳንባቸው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል። ለበረራ ብዙ ኦክስጅን ያገኙበታል፤ መርዝም እንዲሁ በፍጥነት ይገባቸዋል። የእንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪዎች እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ካናሪ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው። የከሰል ጋዝ ሰውን ከመጣሉ በፊት ወፏን ይጥላት ነበርና።

አሁን የኛን የቡና ሥነ ሥርዓት አስቡት። ከሰል፣ የሚቆላ ቡና ጭስ፣ ዕጣን፤ ሦስቱም በአንድ ክፍል፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ቡናውን ተዉ አልልም፤ እኔም አልተውኩም። ወፉን ግን ሌላ ክፍል አስገቡና በሩን ዝጉ፣ ወይም ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሉ። ሲኒ ውስጥ የቀረችውንም አታስቀምሱት፤ ካፌይን ልባቸውን ይጎዳል። ቢምቢ በበዛበት ሰሞን ፍሊት የምትነፉ ከሆነ ወፉ አስቀድሞ ከክፍሉ ይውጣ፤ ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ ድረስም አይመለስ። የአልጋ አጎበር ለእናንተም ለእሱም ይሻላል።

ሌላው አቮካዶ ነው። ሲዳማ የአቮካዶ አገር ነው፤ እያንዳንዱ ጁስ ቤት በር ላይ ተቆልሎ ታዩታላችሁ። ለበቀቀን መርዝ ነው። ትንሽ ቁራጭም ልትገድል ትችላለች። ስፕሪስ የምትጠጡበትን ማንኪያ ወፍ አይላሰው። ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ጨው ያለበት ወጥም ይቅር።

የሚሰጠውስ? እህል ብቻ የሚበላ ወፍ ይወፍራል፣ ቫይታሚን ኤ ያጥረዋል፣ ይታመማል። ዳጉሳና ማሽላ ይኑር፤ ግን ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ የተቀቀለ ቢጫ ስኳር ድንች፣ ፓፓያ በየቀኑ ይጨመርበት። ባቄላና አተር ከሆነ በደንብ ይቀቀል፣ ጥሬው ይጎዳል። ሻጋታ የነካው ለውዝ በጭራሽ። ቃሪያ ስጡት! የሚያቃጥለን ነገር ለወፍ አይሰማውም። ሎሚ እኔን የሚያስነጥሰኝን ሚጥሚጣ ከነፍሬው እንደ ከረሜላ ይቆረጥማል።

ኬጅና ግዢ

ለሁለት ባጂ ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ኬጅ ያስፈልጋል። ወደ ጎን የሚበሩ ናቸው፤ ከቁመቱ ይልቅ ርዝመቱን ተመልከቱ። ክብ ኬጅ አትግዙ። የሽቦው ክፍተት ለባጂ ከ1.3 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፤ ካለፈ ጭንቅላቱን ያስገባና ይታነቃል። ለግራጫ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል፣ ሽቦው ግን ወፍራም ይሁን፤ ቀጭኑን ይቆርጠዋል። ብየዳ ቤት ልታሠሩ ከሆነ ዚንክ የተቀባ ሽቦና ሊድ ያለበት ቀለም እንዳይሆን ንገሯቸው፤ ወፉ ቀኑን ሙሉ በምንቃሩ ሲይዘው ይመርዘዋል። መቆሚያውን የፕላስቲክ ዘንግ አታድርጉ። የዘይቱን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አጥባችሁ አስገቡ። ወፍራምና ቀጭኑ ሲቀላቀል ለእግራቸው ደህና ነው፤ ልጣጩንም እየላጡ ይጫወቱበታል።

ኬጁን ውጭ ሰቅላችሁ አትውጡ። ሐይቁ አካባቢ ያላችሁ ጦጣዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ጭልፊትም አለ፣ ድመትም አለ።

ስትገዙ አትቸኩሉ። አፍንጫው የሚፈስ፣ ዓይኑ የተጣበቀ፣ ከጅራቱ ሥር የቆሸሸ ወፍ አይወሰድ። አብረውት ያሉትንም እዩ፤ አንዱ ከታመመ ሌላውም ተጠርጣሪ ነው። በቀቀኖች ወደ ሰው ሳንባ የሚተላለፍ ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። ሕክምና አለው፤ ግን ኬጅ ስታጸዱ ኩሱን አርጥባችሁ ጥረጉት፣ አታቡኑት፣ እጃችሁን ታጠቡ። ወፍ የሚያክም ሐኪም ማን እንደሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። በከተማችን የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ስላለን ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ጎረቤቴ ጋ ልመለስ። እሷ ሱቅ ትውላለች፣ ልጁ ትምህርት ቤት። ቤት የሚውሉት እናቷ እማማ ናቸው፤ ቡና በቀን ሦስቴ ያፈላሉ። ግራጫው ወዲያው ወጣ። ኮካቲየሉን ወደደችው፤ ግን ትልቋ ልጇ አስም አለባት። ላቭበርድ የልጁን ጣት ይነክስና ያስለቅሰዋል፣ ሁለተኛም አይቀርበውም። ቀሩ ሁለት ባጂዎች፤ ከሳሎኑ ራቅ ባለው የልጆቹ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያቃጥለው ቦታ። እማማም የቡናውን ነገር ነግሬያቸው ረከቦቱን ወደ በረንዳው አወጡት።

ልጁን «ወፎቹ እንደመጡ ለመጀመሪያው ሳምንት እጅህን አታስገባም» ብዬዋለሁ። ኬጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ተስማምተናል፤ ድምፁን ይለምዱታል። ኬጁ ትናንት ደርሷል። ዘይቱኑን ከእኛ ግቢ ቆርጦ ወስዷል። ወፎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ።